የቅርብ መነጽር

«ድንጋይ ተሸክመህ ግባ አላልኩህም» አሉ አቶ ወልደማርያም የካፖርታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ። «አንዲት ቃል ናት። ‹አጥፍቻለሁ› ትላለህ፣ ጉልበቱን ትስማለህ፣ አለቀ። ይቅርታ ምን ያስከፍላል?»

«ላጠፋ ሰው ምንም አያስከፍልም» አለ ዮናታን። «ላላጠፋ ነው የሚወደደው።»

«በል ይሄን አፍህን ይዘህብኝ እንዳትሄድ!»

«ትቼው ልሂድ እንዴ አባባ? እዚያ ማን ይናገርልኛል?»

ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ከቅዳሴ መልስ። አባትና ልጅ የቆሙት ስቶክሆልም፣ ዩልስታ ሰፈር፣ ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ አጠገብ ባለው ቤታቸው መተላለፊያ ላይ ነው። በከተማዋ ሌላ ጫፍ፣ ፋርስታ፣ አቶ ቸሩ ቤት፣ ሽምግልና ይጠብቃቸዋል። ክሱ አጭር ነው፤ ግን ይከብዳል። ዮናታን የአባቱን የሃያ ዓመት ወዳጅ ሦስት ጊዜ ፊት ለፊት እያየ፣ የእግዜር ሰላምታ ነፍጎ አልፏል። አቶ ቸሩም ልጁ መናቁን አምኖ ይቅርታ ካልጠየቀ የአቶ ወልደማርያምን ደጅ ላይረግጡ ምለዋል። ስቶክሆልም ሲገቡ አንድ የስደተኛ ክፍል የተካፈሉ፣ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት የለበሱ ሰዎች ናቸው። ይህ ሁሉ አሁን በአንድ ወጣት አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። ይደፋዋል ወይስ አይደፋውም?

ዮናታን አልደፋም ብሏል። ግትርነት ብቻም አይደለም። አንድ ጊዜ ደፍቶት ያውቃላ።

አዲስ አበባ፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለ ነው። መምህሩ የፈተናውን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጽፈው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ለዮናታን ሰሌዳው ማለት ጥቁር ሜዳ ላይ የተበተነ ዱቄት ነበር። እንደ ልማዱ ወደ ጎረቤቱ ወረቀት አንገቱን ሰገግ አደረገ። የፈለገው ጥያቄውን እንጂ መልሱን አልነበረም። ጆሮውን ተይዞ ወጣ። ጠጠር ላይ ተንበርክኮ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ «ኮርጄአለሁ» አለ። ያቺ ቃል እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ተከተለችው። «ኮራጁ መጣ» ይሉታል፤ እሱም ፈገግ ይላል። የሚስቁት ፊቶች ከሩቅ ስለማይታዩት ያን ያህል አላመሙትም።

ደግሞ የማያይ መሆኑን መች ያውቅና! ሰው ሁሉ እንደሱ የሚያይ ይመስለው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከመጋረጃው በላይ የተሳለው መልአክ ፊት የለውም፤ ሠዓሊው ፊቱን ለመሳል ፈርቶ ትቶት ይሆናል ይል ነበር። ስዊድን ከመጣም በኋላ ባቡር ጣቢያ ላይ የቆመው ሕዝብ ቀና ይልና «ስድስት ደቂቃ» ይላል። ዮናታን ወደ ላይ ቢያይ አንዲት ብርቱካናማ ጭላንጭል ብቻ። «ይገርማል» ይላል በልቡ፣ «የዚህ አገር ሰው የባቡሩን ሰዓት እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል።» ብቻውን መሆን የሚወድ፣ በቁሙ የሚያልም ልጅ ነውና፣ ዓለም ጭጋግ መልበሷም አላስቀየመው። ጭጋግ ውስጥ ሰው የፈለገውን ማሰብ ይችላል።

ነገሩን ያወቀው ዮርድብሩ፣ በሚሠራበት የዕቃ መጋዘን ነው። አለቃው ለሳምንታት ሲያየው ቆይቶ፣ «አንተ ልጅ፣ እያንዳንዱን መደርደሪያ ሄደህ ካልሳምክ ቁጥሩን አታነብም። ዓይንህን ታይ» አለው። ያኔ አባቱ ወደ ሰፈሩ ጤና ጣቢያ ወሰዱት።

አቶ ወልደማርያም የስዊድንኛ ነገር የሚነካባቸው ሰው ናቸው። ለሐበሻው የመጣው ደብዳቤ ሁሉ፣ የቤት ኪራዩም፣ የጡረታውም፣ የሐኪም ቀጠሮውም በሳቸው እጅ ያልፋል። ሰዉ «ቶልኩ» ይላቸዋል፤ አስተርጓሚው ማለቱ ነው። ነርሷ ዮናታንን ከፊደል ሰሌዳ ፊት አቆመችው፤ ትልቋን ፊደል ብቻ አነበበ። ከዚያ ፈጠን ፈጠን እያለች ተናገረች። አቶ ወልደማርያም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙና ከመሐሉ አንዲት ቃል አንስተው ወጡ፤ «ናርሲንት»።

«ሰማሃት? ናርሲንት አለች» አሉት ደጅ ላይ። «ናር ማለት ቅርብ። ሲንት ማለት ዕይታ። የቅርብ ችግር ነው ያለብህ። እንግዲህ የሚያስፈልግህ የቅርብ መነጽር ነው።»

«ግን እኮ ቅርቡን አያለሁ አባባ። የሚቸግረኝ ሩቁ ነው።»

«አንተ ነህ ወይስ ነርሷ የተማረችው?»

ከአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ፣ ሽማግሌዎች ጋዜጣ የሚያነቡበትን ተዘጋጅቶ የሚሸጥ መነጽር አነሱ። አንድ የሚል ነበር፣ ሁለት የሚል ነበር፣ ሦስት የሚልም ነበር። ሦስት ቁጥሩን መረጡ። «ወጣት ስለሆንክ ጠንከር ያለው ይሻልሃል» አሉ።

ዮናታን ሲያደርገው ጭጋጉ ወተት ሆነ። የአባቱ ፊት ጭምር ጠፋ።

«ምንም አይታየኝም!»

«ዓይንህ እስኪለምድ ነው። አንድ ወር ታገስ።»

ታገሰ። አባቱ ናቸውና። ገና ሲድህ ትተውት ተሰድደው፣ በስልክ ያሳደጉት አባት ናቸው፤ በእጃቸው የገዙለት የመጀመሪያ ነገር ደግሞ ይኸው መነጽር ነው። እንዴት አውልቆ ይጥለው? ሦስቱም ጥፋቶች የተፈጸሙት በዚያ ወር ውስጥ ነው።

ወሩ ሲያልቅ ለማንም ሳይናገር ብቻውን ፋርስታ ወረደና አንድ መነጽር ቤት ገባ። ባለሙያዋ አገጩን መሣሪያው ላይ አስደገፈችው፤ መስታወት እየለዋወጠች፣ «ይሄ ይሻላል? ወይስ ይሄ?» አለችው። ስዊድንኛው ገና ዳዴ የሚል መሆኑን ስታውቅ ቀስ ብላ ወረቀት ላይ ክብ ሣለች፤ አጠገቡ ደግሞ እንቁላል።

«ዓይን እንዲህ ክብ ነው። ያንተ ግን እንዲህ ወደ ኋላ ረዝሟል። ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን መገናኘት ያለበት የኋላው ግድግዳ ላይ ነው። ያንተ ግድግዳው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይገናኛል። ለዚህ ነው ሩቁ የሚደበዝዝብህ። ቅርቡ ግን ደህና ነው። ስለዚህ ናርሲንት እንላለን፤ ቅርብ የሚያይ ማለት ነው።»

ዮናታን አፉን ከፍቶ ቀረ። ለካ እነዚህ ሰዎች ሕመሙን የሚጠሩት በጎደለው ሳይሆን በተረፈው ነው! እኛ የቅርብ መነጽር ስንል ቅርቡ ለጠፋበት ሰው ነው። እነሱ ቅርብ ሲሉ ሩቁ ለጠፋበት። አንዲት ቃል፣ ሁለት ፊት።

ከኪሱ የአባቱን መነጽር አውጥቶ ሰጣት። አየችውና ሳቋን ዋጠች። «ይሄ መሐሉ ወፍራም ነው፤ ብርሃኑን ይሰበስበዋል። ያንተ ብርሃን ደግሞ ድሮም የቸኮለ ነው። ዓይንህ የሦስት ቁጥር ጉድለት አለበት፤ በዚህ ስድስት አደረግኸው።» የሱ መድኃኒት የተገላቢጦሽ ነው አለችው። መሐሉ ስስ፣ ዳሩ ወፍራም የሆነ መነጽር ብርሃኑን በተን አድርጎ ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። ከፈለገ ዓይን ላይ የሚለጠፍ ስስ ሌንስም አለ፤ ዓይኑ መለወጡን ካቆመ በጨረር የሚደረግ ቀዶ ሕክምናም አለ። የረዘመውን ዓይን መልሶ የሚያሳጥር ግን የለም።

«በልጅነትህ ቢታወቅ ኖሮ የሚረዝምበትን ፍጥነት መቀነስ ይቻል ነበር» አለችው። «ዛሬ ለልጆች የተለየ መስታወት አለ፣ ጠብታ አለ። ደግሞ ቀን ቀን ደጅ መዋል፣ የፀሐይ ብርሃን ማግኘት ይጠቅማል።»

ጠጠሩ ጉልበቱ ስር ተሰማው። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ይሄ ልጅ ይታየዋል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮስ?

አዲሱ መነጽር ዓርብ ዕለት ደረሰ። ለአባቱ ቃሉን ሊያስረዳ ሞከረ። «አንተ እኔን ስዊድንኛ ልታስተምረኝ? በመጣህ በሁለት ዓመትህ?» ብለው ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረጉት። ያቺው እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቀና ሲል፣ እዚህም ከመጋረጃው በላይ የተሳለው መልአክ ፊት ነበረው። ዓይንም ነበረው፤ ትልልቅ፣ የሚያፈጥ። ከወንዶቹ መሐል ደግሞ አቶ ቸሩን አየ። ዮናታን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ከሩቅ ለይቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። አቶ ቸሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ከሩቅ ሲታይ እንዲህ ነው ለካ» አለ በልቡ። ‹አጥፍቻለሁ› ላይል ያኔ ቆረጠለት።

አቶ ቸሩ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በረንዳው ከገበያ ማዕከሉ የሚመጣውን የእግረኛ መንገድ ቁልቁል ያያል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰጋሽ እንግዶቹን ስመው፣ «ለስላሳ አልቆብኛል፣ መጣሁ» ብለው ቀይ ሻርፓቸውን ጠምጥመው ወጡ። ዳኛው ጋሽ ዕንባቆም ናቸው፤ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሐል ያቆሙ፣ ሳቅ የሚቀድማቸው ሽማግሌ።

«በል ቸሩ፣ ክሰስ» አሉ።

«አንደኛ» አሉ አቶ ቸሩ ጣታቸውን አጥፈው፣ «ዩልስታ ጣቢያ። እጄን አወጣሁለት፤ እንደ ምሰሶ አየኝና ዞረ። ሁለተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ። ‹ዮናታን!› ልል አፌን ስከፍት አለፈኝ። ሦስተኛ፣ እዚሁ ፋርስታ፣ ተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ፤ እሱ ሲወርድ እኔ ስወጣ። ዓይን ለዓይን! መነጽር አድርጎ! አራት ዓይና ሆኖ አንድ ቸሩን ማየት አቃተው?»

«አላየሁዎትም ጋሼ» አለ ዮናታን።

«ዓይን አውጣ!»

«ዓይኔ ወጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰው ያዝንልኝ ነበር እንጂ ሽማግሌ አይቀመጥብኝም።»

አቶ ወልደማርያም ከጎኑ የኮቱን ጫፍ ጎተቱት። ጋሽ ዕንባቆም ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ።

«ተው ልጄ። የወጣት ዓይን ምን ይሆናል? ካሮት ብላ፣ ይለቅሃል። አሁን ‹አጥፍቻለሁ› በልና እንገላገል። ጋሽ ቸሩ አባትህ ነው።»

«አባቴ ስለሆኑ ጎንበስ ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ ጋሼ፣ ጉልበታቸውንም እስማለሁ። ናቅሁ ግን አልልም፤ አልናቅሁማ። አንድ ጊዜ ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ ተንበርክኬአለሁ። ያ ጉልበቴ አሁንም ያመኛል።»

«ሰማችሁት?» አሉ አቶ ቸሩ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «መነጽሩን እንዳደረገ እኮ ነው! ለማየት ካልሆነ ለምን አደረገው? ለጌጥ ነው?»

ዮናታን ከኪሱ የድሮውን መነጽር አወጣ። «ያኔ ያደረግሁት ይሄን ነበር።»

አቶ ቸሩ ተቀብለው አገላበጡት። «ይሄማ እኔ ዳዊት የምደግምበት ዓይነት ነው።»

«ጋሼ፣ የሩቅ ዓይንዎ እንዴት ነው?»

«የኔ? ንስር ነኝ! ከዚህ በረንዳ ላይ ሆኜ ማን እንደመጣ፣ በፌስታሉ ምን እንደያዘ እነግርሃለሁ።»

«እንግዲያው ይሄን ያድርጉና በረንዳው ላይ ይውጡ። የሚመጣውን ሰው ይንገሩን። አንድ ሰው ከለዩ፣ ‹ናቅሁ› እላለሁ። ድንጋይም እሸከማለሁ።»

«ኧረ ልጁ!» አሉ አባቱ።

«ተወው፣ ይሁን» አሉ ጋሽ ዕንባቆም፤ ዓይናቸው በራ። «ውርርዱ ተይዟል። ውጣ ቸሩ።»

አቶ ቸሩ መነጽሩን አፍንጫቸው ላይ ሰክተው እንደ ጀግና ወጡ። የበረንዳውን ብረት ያዙ። ሌሎቹ ከኋላ ከበቧቸው። አቶ ቸሩ አንገታቸውን ወደ ፊት ሰገግ አደረጉ።

«ብርጭቆው ቆሽሿል መሰለኝ» አሉ።

«አልቆሸሸም» አለ ዮናታን።

«ሰው... አለ። እዚያ ጋ የሚንቀሳቀስ አለ። ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። ቀይ ነገር... ፌስታል ነው መሰል፣ ትከሻው ላይ ተሸክሟል። ፈረንጅ ነው።»

ፈረንጁ ከታች ቆመና እጁን አውለበለበ። ጋሽ ዕንባቆም አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ፤ አቶ ወልደማርያም ወደ ሰማይ አዩ። አቶ ቸሩ ግን ዝም ብለው ቆመዋል፤ እንደ ምሰሶ። ፈረንጁ ሁለተኛ አውለበለበ። ከዚያ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ትንሽ አያቸውና ወደ ደረጃው ገባ።

ሁሉም ወደ ሳሎን ተመለሱ። በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ አሰጋሽ ቀዩን ሻርፕ ከአንገታቸው እየፈቱ ገቡ፤ የለስላሳውን ከረጢት ወለሉ ላይ ዷ አደረጉት።

«አንተ ሰው! እንግዳ ሲኖር ሚስት አትታወቅም? ሁለት ጊዜ እጄን ሳወጣ እያየኸኝ ዝም? በሰው ፊት ታዋርደኝ?»

«አላየሁሽም አሰጉ! በማርያም፣ አላየሁሽም!»

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የሰሙት። ዮናታን አልሳቀም። ቀጥ ብሎ ቆሞ ጠበቀ።

«እኔ ያለ መነጽር የማየው አሁን እርስዎ የሚያዩትን ነው ጋሼ» አለ ድምፁን ሳያነሣ። «ያን ወር ደግሞ በዚያ ላይ ይሄንን ደርቤ ነበር። ካሮት ቢሆን ጆንያ ሙሉ እበላ ነበር። ዓይኔ ረዝሟል፤ በመነጽር ይታረማል፤ ይኸው ታርሟል። ጥፋት ግን አይደለም።»

አቶ ቸሩ መነጽሩን አላወለቁም፤ ረስተውታል። በቀላሉ የሚሸነፉ ሰውም አይደሉም።

«እሺ፣ ዓይኑስ ዓይን ይሁን። ታዲያ ይሄን የዳዊት መነጽር ለዚህ ወጣት አድርግ ያለው ማን ነው? ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው?»

ዮናታን አፉን ዘጋ። ለራሱ ሊከራከር መጥቷል፤ አባቱን ሊያጋልጥ አልመጣም። ወለሉን አየ። ያን ቀን አንገቱን የደፋው ያቺን ጊዜ ብቻ ነው።

«ደንቆሮው እኔ ነኝ» አሉ አቶ ወልደማርያም።

ሁሉም ዞሩ።

«ነርሷ ናርሲንት አለች። ቅርብ ማለት ነው ብዬ ተረጎምኩ። ልጁ ሩቅ ነው የሚቸግረኝ አለኝ፤ አልሰማሁትም። ዓርብ ዕለትም ነገረኝ፤ ቴሌቪዥን ከፈትኩበት።» ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ። «ሃያ ዓመት ይሄን ቋንቋ ስናገር፣ ቅርብ ብለው ሩቅ እንደሚሉ ማን ይገምታል? ቸሩ፣ ሰላምታ የነፈገህ እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ቀድመው የነቁት ጋሽ ዕንባቆም ናቸው። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ መጣ።

«ቆይ እንጂ ወልደማርያም» አሉ። «የኔን የጡረታ ወረቀት የተረጎምከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

ወይዘሮ አሰጋሽ ሳቁን ጀመሩት፤ ከዚያ ማን ያቁመው! አቶ ወልደማርያም እንኳ በባርኔጣቸው ፊታቸውን ሸፍነው ተንቀጠቀጡ። አቶ ቸሩ ብቻ ናቸው ፈገግታቸውን በጥርሳቸው የያዙት።

«ያም ሆነ ይህ» አሉ፣ «ልጁ እስካሁን ይቅርታ አላለኝም።»

«አላልኩም» አለ ዮናታን።

«አትልም?»

«አልልም ጋሼ።»

«እኔንስ?» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ ወገባቸውን ይዘው ወደ ባላቸው ዞረው። «እኔን ይቅርታ የሚለኝ የለም?»

«እኔ ምን አጠፋሁና!» ብለው ጮኹ አቶ ቸሩ፤ ጋሽ ዕንባቆምም ምርኩዛቸውን አነሡ። «ፋይሉ ተዘግቷል!» አሉ። «ንጹሕ ዳኛም ከሳሽም አልቀረም። ሰላም ተባባሉና ለስላሳው ይከፈት።»

ዮናታን ሄዶ ጎንበስ አለ፤ እንዳለውም ጉልበት ሳመ። አቶ ቸሩ ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉትና ወደ ፊታቸው አስጠጉት። በዚያች ክንድ በማትሞላ ርቀት፣ በዚያ መነጽር ውስጥ፣ የልጁ ፊት ጥርት ብሎ መጣላቸው።

«የአባቱን አፍንጫ ይዟል እኮ» አሉ እየተገረሙ። «ግትርነቱንም ጭምር።» ከዚያ መነጽሩን አውልቀው በመሐረባቸው ጠረጉት። «ይሄ ግን ለኔ ልክ ነው። የኔው እግሩ ተሰብሮ ዳዊቴን አቁሜአለሁ።»

«ይውሰዱት ጋሼ» አለ ዮናታን። «ባቡር ጣቢያ ግን እንዳያደርጉት።»